ለጀልባዋ ሲል የሚያልቀው

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበር። ጀልባ የሚጠብቅ ሰው። ብዙ ሀብት አልነበረውም፤ ብዙ ክፋትም አልነበረውም። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ያደፈና የተበላሸ ነገር ዓይኑ አይወድም።

አንሙት ይባላል። ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ተባብረው ያሠሯት አንዲት የብረት ጀልባ ነበረቻቸው፤ ስሟን «አሻግሪን» ብለዋታል። እህሉን ለገበያ የምታወጣው እሷ። ሙሽራ የምታመጣው እሷ። በሽተኛ ወደ ከተማው ሆስፒታል የምታደርሰው እሷ። ሌላ የላቸውም። ታንኳማ ሞልቷል፤ ግን ክረምት ሲገባ፣ ማዕበሉ ሲነሣ፣ በደንገል ታንኳ ሐይቁን አቋርጣለሁ የሚል ማን ነው?

የዚህች ጀልባ ነጂም፣ ጠባቂም፣ አጣቢም አንሙት ነበር። ጠዋት ይወለውላታል፤ ማታ ይወለውላታል። ጭቃ ረግጦ የሚገባ ሰው ካየ «እግርህን!» ብሎ ይጮኻል፤ ቄስም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን አይምርም። የደሴቲቱ ሰዎች «አንሙት ሚስት ያላገባው ጀልባዋ እንዳትቀናበት ነው» እያሉ ይሥቁበት ነበር። እሱም ይሥቃል። ደግሞ ይወለውላል።

ይህ ሰው አንዲት ታላቅ እህት አለችው፤ የሻረግ ትባላለች። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ስድስት። ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏም አንደኛ። ደብተሯን አስቀመጠችና ታንኳ ላይ ወጣች። እንጨት ትለቅማለች፣ ታንኳው ላይ ትጭናለች፣ ሐይቁን ቀዝፋ ታቋርጣለች፣ ከተማ ትሸጣለች፣ ትመለሳለች። ዝናብ ቢሆን፣ ፀሐይ ቢሆን። በዚያ እንጨት አንሙት በላ። በዚያ እንጨት አንሙት ተማረ። ከተማ ወርዶ ሞተር መጠገን የተማረውም በዚያው እንጨት ነው። እጇን ብታዩት የሴት እጅ አይመስልም፤ መቅዘፊያው ሰነጣጥቆታል። ጣቶቿ ጎብጠው ቀርተዋል፤ ሙሉ በሙሉ አይዘረጉም።

«እታለም» ይላታል። ይወዳታል፤ መውደዱንስ ይወዳታል። ግን ሰው የሚወደውን ሁሉ ያያል እንዴ? እናንተ የምትወዱትን ሁሉ ታያላችሁ?

እንግዲህ በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ «አሻግሪንን» ገመድ አስረው፣ ሃምሳ ሰው ሆነው፣ «ያዝ እንግዲህ!» እየተባባሉ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይጎትቷታል። ሆዷ ይታያል። የተፋቀው ይቀባል፣ የላላው ይጠብቃል። ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን የመሩት አያ ታክሎ የሚባሉ አሮጌ መካኒክ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክምባቸው ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ሥራው ሁሉ ለአንሙት ቀረ።

በመጀመሪያው ዓመት ከጀልባዋ ሥር ገባና ዙሪያዋን ተመለከተ። ውሃው ከሚደብቀው ቦታ ላይ በቡሎን የታሰሩ ስድስት ነጫጭ ጉብታዎች አሉ። እያንዳንዳቸው እንደ ዳቦ ይሆናሉ፤ አይጥ የቀማመሰው ዳቦ! ተቦርቡረዋል፣ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ለብሰዋል። ሰዎቹ «የጀልባዋ ኪንታሮት» ይሏቸዋል። ምን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። አያ ታክሎ በየጊዜው ያረጀውን አውጥተው አዲስ ሲያስሩ ያየ ሰው ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

አንሙትን አስጠሉት። እንደዚህ ያለች ቆንጆ ጀልባ ይህን ተሸክማ ትኑር? ደግሞ በዚያ ዓመት ለበዓሉ ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ። አመዱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ፤ በውሃ አጠበ፤ ከዚያ ጥሩውን ሰማያዊ የዘይት ቀለም አንሥቶ ቀባቸው። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ለሦስተኛ ጊዜ ደረበ። ራቅ ብሎ ሲያያቸው አማሩት። ሰዎቹም «እጅህን ይባርከው!» አሉት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ አይደል?

የበዓሉ ዕለት ጀልባዋ እንደ ሙሽራ ተሸለመች። እንግዶቹ ከፊት ተቀመጡ። የሻረግ ከሥራዋ ተጣድፋ መጣችና፣ ወንድሟ የሚነዳት ጀልባ ናትና፣ ደስ ብሏት እሷም ከፊት ተቀመጠች። ቀሚሷ ያረጀ ነው። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። አንሙት እንግዶቹ ያንን እጅ ሲያዩ አየ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «እታለም፣ ከኋላ ሞተሩ ጋ ይመችሻል» አላት።

አልተቆጣም፣ አልገፋትም፤ በጆሮዋ ነው የነገራት። እሷም «እሺ የኔ ጌታ» ብላ ተነሣች፤ ከኋላ ተቀመጠች። የሞተሩ ጭስ ነጠላዋን ሲያጠቁርባት ዋለ። ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ቆሻሻ ማየት የማይችል ሰው ነበር አልኳችሁ እንጂ።

በሁለተኛው ዓመት ጀልባዋ ስትጎተት፣ ቀለሟ ድንጋይ በነካካው ቦታ ሁሉ ቡናማ እብጠት አውጥታለች። አንሙት ፈገፈገና ቀባው። በሦስተኛው ዓመት እብጠቱ በዛ። ፈገፈገና ቀባው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ! ስድስቱን ጉብታዎችም በየዓመቱ አልረሳቸውም፤ እነሱ ብቻ እንዳማረባቸው ናቸው፤ እንዲያውም በእነሱ ይጽናና ነበር።

በዚያው በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ የሻረግ ሆዷን ያዛት። ቅዳሜ ዋለች፤ «ይለቀኛል» እያለች። እሑድ ጠዋት አንሙት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግድግዳ ተደግፋ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ላብ አጥምቋት አገኛት። የደሴቲቱን የጤና ባለሙያ ጠራ። ሆዷን ዳሰሰቻትና አንሙትን ወደ ውጭ አወጣችው።

«ትርፍ አንጀት ነው የሚመስለኝ» አለችው። «ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ውስጧ ከፈነዳ አትተርፍም። አሁኑኑ አሻግራት።»

አሻገራት። ምን ያድርግ? አጎዛ አንጥፎ ጀልባዋ ወለል ላይ አስተኛት፤ አሥራ ሁለት ያህል መንገደኞች ተሳፈሩና ተነሡ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ንፋሱ ከፊት ይመታል። መንገዱ የሦስት ሰዓት ነው። እሱ መሪውን ይዞ ዓይኑ እህቱ ላይ ነው። ሞተሩን ይለምናል፣ ታቦቱን ይለምናል።

ግማሽ መንገድ ላይ እግሩ ረጠበ።

ዝናብ ነው አለ መጀመሪያ። ከዚያ የአጎዛው ዳር ሲረጥብ አየ። የወለሉን ሳንቃ አነሣ። ከታች፣ ከብረቱ መሐል፣ የጥፍር ስፋት ካላት ቀዳዳ ውሃ እየተገፋ ይወጣል። አጠገቧ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። በጣቱ ሲነካው ላሜራው እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰበረለት። ያቺ ዕለት ዕለት የሚወለውላት ጀልባ! ከላይ ፊት የምታሳይ ጀልባ! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው።

«ሳሙና ያለው!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት ከዘንቢሏ አወጣችለት። ሳሙናውን በጨርቅ ጠቅልሎ የሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ጎሰጎሰው። አንድ ወፍራም እህል ነጋዴ ተነሣና ተረከዙን ጨርቁ ላይ ተክሎ ቆመ። ሌሎቹ በጀሪካን፣ በድስት፣ በእጃቸው ውሃውን መቅዳት ጀመሩ።

የሻረግ ዓይኗን ገለጠች። «አንሙት» አለችው፤ «ተመለስ። እኔን አተርፋለሁ ብለህ ሰዎቹን እንዳታስጨርስ።»

«ግማሽ መንገድ ላይ ነን እታለም! ወደፊቱም ወደኋላውም እኩል ነው!»

«እንግዲያው ንዳ» አለችው። «እኔን አትይ፤ ፊት ፊትህን እይ።»

ነዳ። እያለቀሰ ነዳ። ነጋዴው እግሩን ሳያነሣ አንድ ሰዓት ተኩል እንደ ምሰሶ ቆመ፤ እስከ ዛሬ ያ ሰው ሲያነክስ «የአንሙት ጀልባ እግር» ይሉታል። ከወደቡ ሲደርሱ ውሃው ጉልበት ደርሶ ነበር። አንድም ሰው አልሞተም። የሻረግን በቃሬዛ አንሥተው ሮጡ። ሐኪሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጥቶ «ተርፋለች። ብትዘገዩ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምነግራችሁ» አለ።

እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተም በሉ እንጂ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ የምስጋና ታሪክ ነበር። ግን አንሙት አልተኛም። ጀልባዬን ምን በላት? ቀለም አላጓደልኩባት፣ ዕረፍት አላሳጣኋት። ምን በላት? በማግስቱ ከተማ ያሉትን አያ ታክሎን አጠያይቆ አገኛቸው፤ እየመራ ወደ ወደቡ አመጣቸው። ጀልባዋ ተጎትታ ወጥታለች።

ሽማግሌው በመዶሻ ቀስ እያሉ ሆዷን ዙሪያውን አንኳኩ። ከዚያ እጃቸው ሰማያዊዎቹ ጉብታዎች ላይ ቆመ። ዳበሱ። ደግመው ዳበሱ።

«እነዚህን ማን ቀባቸው?»

«እኔ ነኛ አያ» አለ አንሙት። «በየዓመቱ። ሦስት ጊዜ እየደረብኩ።» ወገኖቼ፣ ትንሽ ኩራት ነበረችበት።

አያ ታክሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ሳልነግርህ ሄድኩ። ቁጭ በል፤ አሁን ልንገርህ።»

ቁጭ አለ።

«ብረት የምትለው ነገር እንደ ግንብ ነው፤ ከደቃቅ ጡቦች የተሠራ። ጡቦቹ አቶም ይባላሉ። እያንዳንዱ አቶም ደግሞ ኤሌክትሮን የሚባሉ፣ ከእሱም እጅግ ያነሱ ነገሮች በዙሪያው አሉት። ገባህ?»

«ይህንንስ ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሃል፤ አላየኸውም። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን አለ። ኦክስጅን ረሃብተኛ ነው። ሁለት ኤሌክትሮን ሁልጊዜ ይጎድለዋል፤ ያገኘውን ሁሉ ስጠኝ ይላል። ቀለሙ የተፋቀ ቦታ ካገኘ ብረቱን ይይዘዋል። ብረቱ ኤሌክትሮኖቹን ሲለቅለት፣ ያቺ ጡብ ከግንቡ ትላቀቅና ውሃ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሌላዋ። ዝገት ማለት ይኸው ነው።»

«ታዲያ እነዚህስ?»

«እነዚህ ማግኒዥየም ናቸው» አሉ ሽማግሌው፤ እጃቸውን እንደ ልጅ ራስ ጉብታው ላይ አድርገው። «ማግኒዥየም ከብረት ይልቅ ለመስጠት ይቸኩላል። ከብረቱ ጋር በቡሎን ስታስረው ኤሌክትሮኑ በዚያው በቡሎኑ አልፎ ወደ ብረቱ ይሻገራል። ረሃብተኛው ብረቱ ደጅ መጥቶ ስጠኝ ሲል፣ ብረቱ ከራሱ አይሰጥም፤ ከማግኒዥየሙ የመጣለትን ይሰጠዋል። ለማኙም ይጠግባል፣ ብረቱም ይቆማል። ማግኒዥየሙ ግን የሰጠው አቶም ሁሉ ከገላው እየተላቀቀ በውሃው ይሟሟል። የተቦረቦረው ለዚያ ነው ልጄ። ኪንታሮት አልነበረም፤ ሥራው ነው።»

«እኔስ ምን አደረግሁ?» አለ አንሙት።

«መስጠት የሚችለው ውሃው ሲነካው ነው። አንተ በቀለም ጠቀለልከው።»

ቢላቸውን አወጡና ሰማያዊውን ቀለም ላጡት። ከሥሩ ማግኒዥየሙ ብቅ አለ፤ ልክ አንሙት የመጀመሪያውን ቀለም በቀባው ዕለት እንደነበረው። አንዲት ጥፍር አልጎደለም።

«እይ» አሉት አያ ታክሎ። «እሱ ተርፏል። የተበላችው ጀልባዋ ናት።»

አያችሁ ወገኖቼ? አንዱ ያምራል፤ ሌላው ይሰምጣል። አንዱ አልተነካም፤ ሃምሳ ሰው የምትሸከመው ግን ተበላች።

አንሙት ከዚያ ድንጋይ ላይ ተነሥቶ ወደ ሆስፒታሉ በእግሩ ሄደ። ታክሲ አልያዘም። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያየው፤ እጅ። ሲደርስ የሻረግ ተኝታለች፤ እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው፤ መርፌው ተሰክቶበታል። ተንበረከከና ያንን እጅ ያዘ። በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜ አየው። እያንዳንዱን ስንጥቅ አየ፤ በልቡም እንዲህ አለ። ይህቺ የሦስተኛ ክፍል ደብተሬ ናት። ይህቺ ጫማዬ ናት። ይህቺ የሞተር ትምህርቴ ናት። እኔ ሳልዛግ ያደግሁት በእነዚህ ነው። ስጠኝ ብሎ የመጣው ረሃብ ሁሉ፣ እኔን ሳይነካ ከእሷ ወስዶ ሄደ።

ነቃች። «ምን ሆነሃል?» አለችው።

«እታለም፣ አመሰግናለሁ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሁሉም።»

ትንሽ አሰበች። «አላስታውስም» አለች። «ትምህርት ቤት የገባህ ዕለት ግን ጫማው ጠበበኝ ብለህ መንደሩን በለቅሶ እንዳናወጥከው አስታውሳለሁ።»

ሣቀ፤ ሣቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። የማግኒዥየሙን ነገር ሁሉ ነገራት። ከኋላ ያስቀመጣትን ቀን ነገራት። «ያፈርኩት በእጅሽ ነበር» አላት። «በዚህ እጅ። ይቅር በይኝ። አመሰግንሻለሁ። አመሰግንሻለሁ እታለም።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ያን ዕለት ገብቶኝ ነበር። ተከፍቼም ነበር። አሁን ግን አለፈ።»

«ከእንግዲህ ምንም አትሠሪም! ውሃ አትቀጂም፣ እንጨት አትነኪም። አዲስ ቀሚስ ለብሰሽ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ...»

«ቆይ» አለችው። «አሁን ደግሞ እኔን ልትቀባኝ ነው?»

እጇን ሳይለቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እነዚያ የምትላቸው ነገሮች ስንት ናቸው?»

«ስድስት።»

«ለምን ስድስት ሆኑ?»

«አንዱ ብቻውን ከሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ይካፈሉታል አሉኝ አያ ታክሎ። ያለቀውም በአዲስ ይተካል።»

«ታዲያ!» አለች የሻረግ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። መስጠት አትከልክለኝ፤ እሱ ሕይወቴ ነው። ብቻዬን ግን አትተወኝ።»

ጀልባዋ ተበየደች፤ አዲስ ማግኒዥየም ታሰረላት፤ ቀለም የሚባል ነገር አልነካውም። የሻረግም ድና ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ደሴቲቱ ላይ ሰው ያልለመደው ነገር ታየ፤ አንሙት ጠዋት ጠዋት እንስራ አዝሎ ከሐይቁ ውሃ ሲቀዳ። ወንድ ልጅ! እንስራ አዝሎ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሣቁ፤ ወንዶቹም «ምነው፣ ጀልባዋ ፈታችህ እንዴ?» አሉት። «ተራዬ ደርሶ ነው» ይላቸው ነበር። ሌላ ነገር አይመልስም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር አይደለሁም። ግን ፈጣሪ ዓይን በማያየው ነገር ውስጥ እንኳ ይህን ሥርዓት ማኖሩ ያስደንቀኛል። ማዕዳችሁ ላይ ያለው ጨው የተገኘው አንዱ አቶም ለጎደለው ለሌላው ኤሌክትሮኑን ሰጥቶት ነው። ጨው የሆነው ሰጪው ብቻውን አይደለም፤ ተቀባዩም ብቻውን አይደለም። ዓለም በመስጠት ተያይዛ ቆማለች ብል ዋሸሁ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተ እስከ ዛሬ ሳትዝጉ የቆማችሁት ለምንድን ነው? ጎበዝ ስለሆናችሁ ነው? ቀለማችሁ ጥሩ ስለሆነ ነው? ወይስ ከሥራችሁ፣ ሰው በማያይበት ቦታ፣ በእናንተ ፈንታ የተበላ ሰው አለ? ትምህርቷን ያቆመች እህት የለችም? በሌሊት ፈረቃ ወገቡን የጨረሰ አባት የለም? ስማችሁን እየጠራች በጸሎት ጉልበቷን የፈጀች አክስት የለችም? ስንቶቻችን በእነሱ እጅ አድገን፣ እንግዳ ሲመጣ በእነሱ እጅ አፈርን!

ከሁሉም በላይ ራሱን ሳይቆጥብ ስለ እኛ የሰጠ ጌታ አለ። ያ የቆሰለ እጅ የማን ነው? በእኛ ፈንታ ያለቀው ማን ነው? ምስጋናችን ሁሉ ከዚያ ይጀምር፤ ከዚያ የማይጀምር ምስጋና ውሎ አያድርም።

ደግሞ ከመካከላችሁ ቀለም የተቀባችሁ አላችሁ፤ አትቆጡኝ፤ እኔም ራሴ አንዱ ነኝ። ከሰው ጋር ታስረናል፤ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማኅበር ውስጥ፣ አንድ ቡሎን ይዞናል። ግን ምንም አይነካን። ጊዜያችን አይነካም፣ እንቅልፋችን አይነካም፣ ክብራችን አይነካም። እናምራለን። በዚያው ልክ አጠገባችን ያለው ቤት እየሳሳ ነው። እኔ አንድም ቀን አልተጎዳሁም የሚል ሰው ካለ ቶሎ አያመስግን፤ አስቀድሞ ከጎኑ ማን እየተበላ እንደሆነ ይመልከት።

አንዷን እናት፣ አንዷን ሚስት፣ አንዱን ታታሪ ወንድም ከቤታችሁ ሥር አስራችሁ «ጎበዝ፣ በርታ» ብቻ አትበሉ። በርታ ማለት ምስጋና አይደለም። ምስጋና ሸክሙን ያያል፤ አይቶም ትከሻውን ያቀርባል።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ መንገድ ላይ ወሬ አታብዙ። ያ ሰው በሕይወት ካለ ፈልጉት። ከሞተም መቃብሩ ዘንድ ቆማችሁ ስሙን ጥሩና ፈጣሪን አመስግኑበት። ካለ ግን አታዘግዩ፤ ለዕድሜው ልክ ቀን ቆርጦ የነገራችሁ የለም። ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ አመሰግናለሁ በሉት፤ ስለ ምን እንደሆነም አንድ በአንድ ንገሩት። ደንግጦ «ምን ሆናችኋል?» ቢላችሁ አትፈሩ። ከዚያ እጅጌያችሁን ሰብስቡና «ዛሬ የምትሠራው ምንድን ነው? ስጠኝ» በሉት።

እምቢ ቢላችሁም ሸክሙን ተቀበሉት።